የሳቅ ታዛቢ

«ያልተማረ ሰው ማሳቅ ይችላል፤ እሱን አልክድም» አሉ አቶ በፍቃዱ ከበሩ ወዲያ። «ግን እንዴት እንዳሳቀ ማስረዳት አይችልም። እኛ የምንፈልገው የሚያስረዳልን ሰው ነው።»

ተሾመች ይህን የሰማችው በግራ እጇ የሻይ ትሪውን እንደያዘች በቀኟ በሩን ልትገፋ ስትል ነው። እጇን መለሰች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር የቀረውም ተከታትሎ መጣላት። ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ፤ ከዚያ ለፈተናው ከውጭ የተጋበዙት ዶክተር ሙፊዳ፣ «ለጽሑፍ ፈተናው ያልተጠራችው ይቺኛዋስ? ተሾመች በንቲ። የትምህርት ደረጃ፣ ስምንተኛ ክፍል» አሉ። አቶ በፍቃዱ ሳቁ። «እሷማ የእኛው ሻይ የምታፈላው ናት። ቀልዷን ነው።» ማመልከቻው ለሁለት ሲታጠፍ፣ ከዚያ ለአራት ሲታጠፍ ሰማች። ያንን ማመልከቻ ሁለት ቀን ሙሉ ስትጽፍ፣ ፊደሉ መስመር እየሳተ ሲያስቸግራት፣ አንዴም አልቀለደችም። ስትቀልድ ሰው ይስቃል፤ የምሯን በጻፈችበት ቀን ደግሞ ይኸው ጭራሽ የባሰ ሳቁ። ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ ብላ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

ሳቅ ለልማት መልቲሚዲያ የተባለው ድርጅት የሚገኘው ከመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ግቢው ውስጥ አንድ የአቮካዶ ዛፍ ያለበት የኪራይ ቪላ ውስጥ ነው። መኝታ ቤቱ ኤዲቲንግ፣ ሳሎኑ የልምምድ አዳራሽ፣ ጋራዡ ፋይናንስ ሆኗል። ወጥ ቤቱ ብቻ ወጥ ቤት ሆኖ ቀርቷል፤ እሱም የተሾመች ነው። አምስተኛ ፎቅ ላይ ስለሚኖሩ የኮንዶሚኒየም ሰዎች የሚያወራው «ሊፍቱ አይሠራም» የተባለው ሳምንታዊ አስቂኝ ድራማ የሚዘጋጀው እዚህ ነው። ተዋንያኑ ሳሎን ተቀምጠው ሲያነቡ ተሾመች ሻይ ታቀርባለች፤ ብርጭቆ እየሰበሰበችም፣ «እንዲህ ከሚል እንዲህ ቢል አይሻልም?» ትላለች። ዋናው ተዋናይ ጋሽ ዱጉማ ይስቅና እስክሪብቶ ይጠይቃል። ስድስት ዓመት እንዲሁ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ጠዋት እንኳ ከሀና ማርያም በመጣችበት ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ከረዳቱ ጋር በሂሳብ መልስ ተጨቃጭቃ ተጨቃጭቃ ዝም አለች። ረዳቱ ያሸነፈ መስሎት ፈገግ ሲል ሴትዮዋ ዞር ብላ፣ «ዝም ያልኩት አክብሬህ እንዳይመስልህ፤ ደረጃ ወጥቼ ደክሞኝ ነው!» አለችው። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ያቺን የድራማውን ቃል ተሾመች የተናገረቻት የዛሬ ሁለት ዓመት ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ታክሲ ውስጥ ደረጃ አለመኖሩን ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

አቶ በፍቃዱ ከባንክ የሰው ሀብት ክፍል ወጥተው እዚህ ሥራ አስኪያጅ ከሆኑ አራት ወራቸው ነው። በመጡ በሳምንታቸው ሠራተኛውን ሰብስበው፣ ድርጅቱ እስከ ዛሬ በዘልማድ ሲያስቅ እንደኖረ፣ ከእንግዲህ ግን በሥርዓት እንደሚያስቅ ተናገሩ። ከዚያ የግቢው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የኮሜዲ ጸሐፊ፤ ብዛት አንድ፤ የመጀመሪያ ዲግሪና ከዚያ በላይ፤ ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ ለተመረቀ አርባ ነጥብ፣ ለመመረቂያ ውጤት ሃያ፣ ለጽሑፍ ፈተና ሠላሳ፣ ለማሳቅ አሥር። ከግርጌው በደማቁ፣ የድርጅቱ ሠራተኛ የሥጋ ዘመድ መወዳደር እንደማይችል ተጽፏል። የጽሑፍ ፈተናው ባለፈው ሳምንት ተሰጥቶ ነበር። ተሾመች ሳሎኑን ስትጠርግ ወለሉ ላይ የወደቀ የፈተና ወረቀት አግኝታ አንብባለች። «ከሚከተሉት ቀልዶች ውስጥ የማያስቀው የቱ ነው?» ይላል። ሀ፣ ለ፣ ሐ ተዘርዝረው መጨረሻው ላይ «መ. ሁሉም» የሚል አለ። መልሱ «መ» እንደሆነ ሳታስብበት ነው ያወቀችው።

«ትሪውን አስቀምጪና ቁጭ በይ» አሏት አቶ በፍቃዱ። «ዛሬ ሻይ አታፈዪም። ትስቂያለሽ።»

«አልገባኝም፣ ጌታዬ።»

አቶ በፍቃዱ በትዕግሥት አስረዷት። ለመጨረሻው ዙር ሰባት ሰዎች አልፈዋል፤ ሰባቱም ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ በወርቅ ሜዳሊያ የተመረቁ ናቸው፤ ሰባቱም ዘጠናውን ከዘጠና አግኝተዋል። ስለዚህ ማንም ያላሰበበት ያ አሥር ነጥብ ወሳኝ ሆኖ አረፈው። «እኛ ደግሞ መሳቅ አንችልም» አሉ። «እኔ በአሠራር ነው የማየው፤ ዶክተር በጥናት ነው የሚያዩት፤ ጋሽ ዱጉማ ተዋናይ ናቸው፣ ሳይስቁ ስቀው ይሸውዱናል። ተራ ሰው ያስፈልጋል። አንቺ የሕዝብ ተወካይ ነሽ፤ የሳቅ ታዛቢ።» በእጇ አንድ ቅጽ ሰጧት፤ አምስት ሳጥን አለው። አልሳቅሁም፤ ፈገግ ብያለሁ፤ በመጠኑ ስቄአለሁ፤ በጣም ስቄአለሁ፤ ራሴን መቆጣጠር አቅቶኛል። ከፊቷ ደግሞ ስልካቸውን አስቀመጡ፤ ሳቋ በሰከንድ ይለካል።

«ካልሳቅሁስ?»

«ቅጹ ላይ ቦታ አለው» አሏት።

አድልዎ እንዳይኖር ተወዳዳሪዎቹ በስም አይጠሩም፤ በቁጥር ነው። ቁጥር አንድ የውሃ መሐንዲስ ነበረች። አሥራ አራት ስላይድ አዘጋጅታ መጥታ፣ የመጀመሪያው ላይ «የቀልዱ ዓላማ»፣ ሁለተኛው ላይ «የቀልዱ ወሰን» የሚል አሳየቻቸው። ቀልዱ ያለው ስላይድ አሥራ ሁለት ላይ ነው፤ መብራት የጠፋው ግን ስላይድ ዘጠኝ ላይ ነው። ቁጥር ሁለት «አንድ ሰው ሐኪም ቤት ሄደ» ብሎ ጀመረና፣ ሰውየው ምናባዊ መሆኑን፣ ሐኪም ቤቱም ካለ ከየትኛውም ሐኪም ቤት ጋር ግንኙነት እንደሌለው ሲያስረዳ የተሰጠው ግማሽ ሰዓት አለቀበት። ሰውየው ምን እንዳመመው ሳይታወቅ ቀረ። ቁጥር ሦስት ፋርማሲስት ነበር፤ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከዚያ እንባው መጣ። «ቀልድ አላውቅም» አለ፤ «ግን የፈለጋችሁትን ነገር ማጥናት እችላለሁ።» ተሾመች አሳዘናትና ቅጹ ላይ ፈገግታ የሚለውን ልታሰምር ስትል አቶ በፍቃዱ አይተዋት፣ «ያልሳቅሽውን ሳቅ አትሙዪ!» ብለው ተቆጧት። ቁጥር አራትና አምስትም እንደዚያው ሆኑ። ቁጥር ስድስት ሲናገር ዶክተር ሙፊዳ ብቻቸውን ፈገግ አሉ፤ ቀልዱን ከየትኛው መጽሐፍ እንደወሰደው አውቀውበት ኖሯል። ሰባት ሰዓት ሲሆን የስልኩ መቁጠሪያ ዜሮ ላይ እንደተገተረ ነበር። ተሾመች ጉንጮቿ ደረቁባት። ጠዋቱን ሙሉ ቁጭ ብላ ለመሳቅ ስትጠባበቅ፣ ከዛሬ ወዲያ ጨርሶ ሳቅ የሚባል ነገር የማይመለስላት መስሎ ፈራች።

ቁጥር ሰባት ሲገባ መጀመሪያ ያወቀችው ሱፉን ነው። ጠዋት የተኮሰችው እሷ ናት። ቀና ስትል ወንድሟ ሚሳኤል ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ታናሿ፤ አባታቸው ከሞተ ወዲህ እሷው አስተምራ ያሳደገችው፤ ከአራት ኪሎ በፊዚክስ በወርቅ ሜዳሊያ ተመርቆ፣ ሜዳሊያው ቴሌቪዥኑ ላይ እሱ ደግሞ ሶፋው ላይ ሁለት ዓመት የተቀመጠው። ጠዋት «የት ልትሄድ ነው?» ስትለው «ቃለ መጠይቅ» ብሏታል። «የት?» ስትለው «ወደ መካኒሳ» ብሏታል። ግማሹ አዲስ አበባ ወደ መካኒሳ ይመጣል ብላ አልጠረጠረችም። እሱም እንደ ጽሑፍ ፈተናው ቀን ወጥ ቤት ትሆናለች፣ አታየኝም ብሎ ነው የመጣው። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ዓይኑ ወደ ቅጹ ወረደ፣ ወደ ስልኩ ሄደ፣ ተመልሶ እሷ ላይ አረፈና እንደማያውቃት ሰው ወደ ግድግዳው ዞረ።

«እንደምን ዋላችሁ» አለ። «ቀልዱ በለቅሶ ላይ ያተኮረ ነው። በመጀመሪያ ሁለት ሮበሌዎች አሉ እንበል። ሮበሌ አንድ እና ሮበሌ ሁለት። ሮበሌ አንድ የሞተው ነው። ሮበሌ ሁለት ያልሞተው ነው። ሁለቱም በአንድ እድር ውስጥ ይገኛሉ።»

ተሾመች ክው አለች። የጋሽ ሮበሌ ታሪክ የእሷ ነው። ሰፈራቸው የሆነ ነገር ነው፤ ግን የሆነውን ነገር ታሪክ ያደረገችው እሷ ናት፤ በሠርግ፣ በክርስትና፣ በዘይት ሰልፍ ላይ አውርታዋለች። ሰልፈኛው ተራው ደርሶ «ቆይ ትጨርስልን» ያለበት ቀን አለ። ሚሳኤል ቀጠለ። «የእድሩ ድንኳን በስህተት በሮበሌ ሁለት በር ላይ ተተከለ። ሮበሌ ሁለት ከሥራ ሲመለስ…» አቶ በፍቃዱ ማስታወሻ እየያዙ፣ «የትኛው ነበር ያልሞተው?» አሉ። «ሁለት።» «እሺ፣ ቀጥል።» ተሾመች ልጇን በእግሩ ዘቅዝቆ ይዞ የሚሄድ ሰው ያየች እናት ሆነች። የወንበሩን ጠርዝ ጨመቀች፤ ከንፈሯን ነከሰች። ሚሳኤል ንፍሮውን ዘለለው። ጎረቤትየውን ዘለለው። «በመጨረሻም» አለ ላቡን እየጠረገ፣ «ባለቤቱ የሮበሌ ሁለት በሕይወት መኖር ለጊዜው ይፋ እንዳይሆን ሐሳብ አቀረበች።» ማንም አልሳቀም። አቮካዶው ላይ ያሉት ወፎች ሳይቀሩ ዝም ያሉ መሰለ።

«እንደሱ አይደለም!» አለች ተሾመች። መነሳቷን ያወቀችው ከተነሳች በኋላ ነው። «ሁለት ሮበሌ መኖሩን አስቀድመህ ከተናገርክማ ማን ይስቅልሃል? ሮበሌ አንድ ነው! ጋሽ ሮበሌ ከቃሊቲ ሥራ ውሎ ሲመጣ በሩ ላይ ድንኳን። ሰው አንገቱን ደፍቷል፤ ሴቱ ያለቅሳል። ደነገጠ። ማን ሞተብኝ ብሎ እንዳይጠይቅ፣ በገዛ በሩ ላይ ይኼ እንዴት ይጠየቃል? ጥግ ይዞ ቁጭ አለና ማልቀስ ጀመረ። ንፍሮ ሰጡት፤ ተቀበለ። ንፍሮውን እየቃመ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ፣ ‹ለመሆኑ ማን ነው?› ይላል። ጎረቤትየው ቀናም ሳይል፣ ‹ምን ማን አለው፣ ሮበሌ ነዋ!› ‹የትኛው ሮበሌ?› ‹የዚህ ቤቱ ነዋ!› ጋሽ ሮበሌን ንፍሮው አነቀው። ‹ታሞ ነበር እንዴ?› አለ። ‹ኧረ ደህና ነበር! ጠዋት እንኳ ሥራ ሲሄድ አይቼዋለሁ።› ይኼኔ ጋሽ ሮበሌ፣ ‹እኔም አይቼዋለሁ› ብሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ‹ደግ ሰው ነበር› ይላል ጎረቤትየው፤ ‹ብቻ ትንሽ ቋጣሪ ነበር።› ‹ማን? እኔ?› ብሎ ተነሳ! ሚስቱ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከውስጥ ስትወጣ ቆሞ አየችው። እልል ትላለች ብለን ስንጠብቅ፣ ክንዱን ጨምድዳ ጥግ ወሰደችውና፣ ‹በእናትህ፣ ሰው ፊት አታዋርደኝ! ይኼ ሁሉ ሕዝብ ሥራውን ጥሎ ነው የመጣው። ዛሬን እንደምንም ሙትልኝ፤ ነገ እንነጋገራለን!›»

ጋሽ ዱጉማ ጠረጴዛውን በጥፊ መታ። የታችኛው ሰው ሠራሽ ጥርሱ ወልቆ የነጥብ መስጫ ወረቀቱ ላይ ዱብ አለ፤ እሱንም አይቶ እንደገና ሳቀ። ዶክተር ሙፊዳ በሻርፓቸው አፋቸውን አፍነው ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። አቶ በፍቃዱ እንደ ሳል አድርገው ጀመሩና መመለስ አቃታቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ኧረ በፈጠራችሁ! ‹እኔም አይቼዋለሁ›!» እያሉ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከሁሉም ያልሳቀው ሚሳኤል ብቻ ነው። እንደቆመ አንድ በአንድ እያያቸው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ የሚቆጥር ይመስላል።

ሳቁ ሲበርድ አቶ በፍቃዱ መነጽራቸውን አጠለቁና ስልኩን አዩ። «አንድ ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ወደ ቀድሞው ተመለሰ። «ተሾመች፣ ፈተና አውከሻል። ቁጥር ሰባት፣ እንኳን ደስ አለህ።»

«ቆይ እንጂ!» አለ ጋሽ ዱጉማ ጥርሱን እየመለሰ። «የተሳቀው እኮ በእሷ ነው።»

«እሷ ተወዳዳሪ አይደለችም፤ ታዛቢ ናት። ታዛቢ ነጥብ አታገኝም። ሳቁ ግን ተመዝግቧል፤ የተመዘገበ ሳቅ ደግሞ ባለቤት ሳይኖረው መቅረት አይችልም። ታሪኩን ያመጣው ማን ነው? ቁጥር ሰባት ነው።» ዶክተር ሙፊዳ ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ በጥናት ቋንቋ እሷ መረጃ አቀባይ እንደምትባል፣ እሱ ደግሞ ሰብሳቢ እንደሚባል አብራሩ፤ ባለሙያው ሰብሳቢው ነው። ጋሽ ዱጉማ ወደ ተሾመች አየ፣ ወደ አቶ በፍቃዱ አየ። ጡረታ ሊወጣ የቀረው አንድ ዓመት ነው። የነጥብ ወረቀቱን ፈረመ።

አቶ በፍቃዱ ስም ለመመዝገብ ፋይሉን ከፈቱ። «ሚሳኤል በንቲ» ብለው አነበቡ። ቀና አሉ። «በንቲ… አንቺም በንቲ አይደለሽ? ዘመዳሞች ናችሁ እንዴ?»

ሚሳኤል አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደነበር ተሾመች ለማወቅ አልጠበቀችም። «በንቲ የሚባል ሰው በላፍቶ ስንት አለ መሰልዎት፣ ጌታዬ!» አለች። «አንቺ ታሪኩን ከየት አወቅሽው?» አሉ አቶ በፍቃዱ። «የሰፈር ወሬ ነው፤ ማንም ያወራዋል።» አቶ በፍቃዱ ተረቱ። ሚሳኤልም የከፈተውን አፍ ቀስ አድርጎ ዘጋውና ጫማውን ማየት ጀመረ። ከመውደቅ ያዳነችው ራሷ ተሾመች ናት፤ ቢሆንም ያ አፍ ተከፍቶ መዘጋቱ፣ ማመልከቻዋ ለአራት ከመታጠፉ ይልቅ ጎዳት። ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ደረሳት። በፈተና አዳራሽ ውስጥ ያልተፈቀደ ቀልድ በመናገሯ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል፤ እስከ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት በጽሑፍ ምላሽ ካላቀረበች ከሥራ ትሰናበታለች። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሚሳኤል ሥራ የሚጀምርበት ሰዓትም ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትወጣ ሚሳኤል ታክሲ መያዣው ጋ ቆሞ ጠበቃት። የሁለቱንም ሂሳብ ከፈለ፤ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እስከ ላፍቶ ድረስ እንደማይተዋወቁ ተሳፋሪዎች መንገዱን አዩ። የመንገድ ሥራ ነበርና ታክሲው በአቧራ ውስጥ ቆሞ ቆሞ ይንቀሳቀሳል። አንዴ «መስኮቱን ልዝጋው?» አላት። «ተወው» አለችው። ሀና ማርያም ወረዱ።

ቤታቸው በሦስት በኩል በኮንዶሚኒየም የተከበበ ግቢ ነው። አባታቸው ገብስ ይዘራበት የነበረው ማሳ ዛሬ ባለ አራት ፎቅ ሆኗል፤ የቀረችው አንዲት ላም ናት፤ እናታቸው እማማ ቢፍቱ ወተቷን ለፎቆቹ ሰዎች ይሸጣሉ። ጆሯቸው ደክሟል፤ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ከያዙ የቀረውን ራሳቸው ይሞሉታል። ሚሳኤል በስልክ ነግሯቸው ስለነበር በር ላይ ነው የጠበቁት። ሱፉን በወተት እጃቸው ዳበሱት፣ ግንባሩን ሳሙት፣ «ትምህርት እንዲህ ነው! የተማረ አይወድቅም!» አሉ። ከዚያ ወደ ተሾመች ዞረው፣ «አንቺ ደግሞ ወሬሽን ቀነስ አድርጊና ከወንድምሽ ተማሪ። አርባ ዓመትሽ እኮ ነው» አሏት። ተሾመች «እሺ፣ እማዬ» ብላ ግንባሯ እንዲሳም ሳትጎነብስ አልፋ ገባች።

ሚሳኤል ተከትሏት ገባ። ከአልጋው ሥር ካርቶን ጎትቶ አሥራ አንድ ደብተር አወጣና ፊቷ አስቀመጠ። የመጀመሪያው ሽፋኑ የተቀደደ፣ የአምስተኛ ክፍል የእጅ ጽሑፍ ያለበት ነው፤ «እቴቴ ያለችው» ይላል። ገለጠችው። በማስመሪያ የተሰመረ ሠንጠረዥ ነው፤ ቀን፣ ቦታ፣ የነበረው ሰው ብዛት፣ የሳቀው ሰው ብዛት፣ የተናገረችው ቃል። የረሳቻቸው ነገሮች ሁሉ እዚያ አሉ። የወይዘሮ ሐሚዳ ልጅ ሠርግ፣ ካሜራ ማኑ የሌላ ሰው ሠርግ ቀርጾ የመጣ ጊዜ ያለችው፤ ውሃ የመጣ ቀን ያለችው፤ አባታቸው ሆስፒታል ተኝቶ ያለችው፣ ከአምስቱ በሽተኛ አምስቱን ያሳቀችበት። የመጨረሻው ዓምድ «ለምን አሳቀ?» የሚል ነው። ከላይ እስከ ታች፣ ከመጀመሪያው ደብተር እስከ አሥራ አንደኛው፣ «አልታወቀም፤ አልታወቀም፤ አልታወቀም» ይላል።

«ዩኒቨርሲቲ ስገባ ይገለጥልኛል ብዬ ነበር፣ እቴቴ» አላት። «የተማርኩት ነገር ሁሉ ምክንያት አለው። ያንቺ ብቻ ጠፋኝ። ማስታወቂያውን ሳይ፣ መዝግቤዋለሁና አውቀዋለሁ ብዬ አሰብኩ።»

ተሾመች ደብተሩን ቀስ ብላ ከደነችው። ይህን ሁሉ ጽፎ ባይዝላት ኖሮ ውሃ የመጣ ቀን ያለችውን እንኳ የሚያስታውስ ሰው አይኖርም ነበር። «ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«አንቺስ ማመልከትሽን ለምን አልነገርሽኝም?» አለ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «አቶ በፍቃዱ ውል ሲያስፈርሙኝ ነገሩኝ። ‹ሻይ የምታፈላው ሴትዮ እንኳ አመልክታ ነበር› ብለው ሳቁ። እኔም… አብሬያቸው ሳቅሁ።»

ውጭ እማማ ቢፍቱ ባልዲ ሲያስቀምጡ ተሰማ።  ተሾመች ይህ ልጅ ሲስቅ አይታ አታውቅም፤ ሕፃን ሆኖም ቢሆን ሌላው ሲስቅ እሱ ዙሪያውን ያይ ነበር። በመጨረሻ ከቦርሳዋ ማስጠንቀቂያውን አወጣችና፣ ከደብተሩ ላይ አንድ ወረቀት ገንጥላ ሰጠችው። «ጻፍ» አለችው። «እኔ የጻፍኩትን እንደሁ ለአራት ያጥፉታል።»

ሚሳኤል ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ አድራሻውንና ቀኑን በሚያምር ጽሑፍ ጻፈ። «ጉዳዩ ምን ልበል?»

«ጉዳዩ፣ ያልተፈቀደ ቀልድ። እኔ አመልካች በተጠቀሰው ቀን ቀልድ መናገሬ እውነት ነው። የተናገርኩት ግን ፈተና ለማወክ ሳይሆን ነፍስ ለማዳን ነው። ጋሽ ሮበሌን እድሩ በስህተት ገደለው፤ ቁጥር ሰባት ግን አውቆ ነው የገደለው።» ሚሳኤል ቀና ብሎ አያት፤ መልሶ አቀረቀረና ጻፈው። «ቃል በቃል ጻፍክ?» «ቃል በቃል።» «ቁጥር ሰባትን የማውቀው ከተወለደ ጀምሮ ነው፤ የእናቴ ልጅ ነው…» ብላ ተሾመች አፏን ያዘች። «ይኼንን ተወው። አትጻፈው።»

«ጽፌዋለሁ።»

«ሰርዘው። ሥራህ ይሄዳል።»

«ያንቺም ይሄዳል» አለና እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ እንደቸከለ ጠበቃት።  ሰኞ ደመወዝተኛ ሊሆን ነው፤ እማማ ቢፍቱ ለአራቱም ፎቅ ተናግረዋል። ተሾመች እስክሪብቶ የያዘውን እጅ አየችው፤ ፊደል ሲቆጥር እሷው ይዛ የመራችው እጅ ነው። 

«በንቲ የሚባል ሰው በላፍቶ ብዙ ነው ብዬ የተናገርኩትም ውሸት ነው» አለች። «እኔ የማውቀው በንቲ አንድ ብቻ ነው። እሱም ሞቷል። ድንኳኑም የተተከለው በትክክለኛው በር ነው፤ እኔ ራሴ አጣርቻለሁ።»

ሚሳኤል «አጣርቻለሁ» የሚለውን ጽፎ ነጥብ አደረገበት። ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ተሾመች ያለቀሰ መስሏት እጇን ጀርባው ላይ ልታሳርፍ ስትል፣ ከውስጡ እንደ ዛገ በር ያለ ድምፅ ወጣ፤ ተደገመ፤ እስክሪብቶው ከእጁ ወድቆ ተንከባለለ። እየሳቀ ነበር። አሳሳቁን ያልተማረ ሰው ነውና አየር አጠረው፤ ጠረጴዛውን ያዘ፣ ክራቫቱን አላላ፣ «አጣርቻለሁ!» ብሎ ለመናገር ሞከረና አልቻለም። ተሾመች ያንን ዛግ ያለ ሳቅ ስትሰማ እሷም ተከተለችው።

እማማ ቢፍቱ ባልዲውን እንደያዙ በሩ ላይ መጡ። «ምን ተገኘ?» አሉ።

«ሥራ ለቀቅን፣ እማዬ!» አለች ተሾመች እንባዋን እየጠረገች።

«ሥራ?» አሉ እማማ ቢፍቱ። ባልዲውን መሬት አስቀመጡ፣ ወደ ግቢው ወጡ፣ እልልታቸውን አቀለጡት። ከፊት ለፊቱ ፎቅ ሦስተኛው በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት ተቀበለቻቸው፤ ከወዲያኛው ሕንፃ ሌላዋ ደገመች፤ አንድ ሰው አንገቱን አውጥቶ፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ!» ብሎ ጮኸ። ሚሳኤል ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ እስክሪብቶውን ፈልጎ አወጣ፤ ፊቱን በሱፉ እጅጌ ጠረገና ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ።

«እሺ» አላት፣ «ከዚያስ?»